ሣጥኑ ይጠገን ይሆናል፤ ፎቶዎቹስ?

ረቡዕ ሰኔ 16 ቀን 2013 ዓ.ም. እና በማግስቱ፣ በተለያዩ አገሮች በየቤቱ መደርደሪያ ላይ ዓመታት ያስቆጠሩ ጥቋቁር ሣጥኖች ባዷቸውን ተገኙ። መብራታቸው በርቷል፤ ኔትወርኩ ላይ ይታያሉ፤ የፎልደሮቹ ስም ሳይቀር በቦታው አለ። ውስጣቸው ግን ምንም የለም። ባለቤቶቹ በብሮውዘር ሊገቡ ሲሞክሩ ለዓመታት የሠራው የይለፍ ቃል አልከፍትም አለ። የመሣሪያውን የሥራ መዝገብ መክፈት የቻሉ ሰዎች በዚያው ዕለት አንድ ትእዛዝ መፈጸሙን አነበቡ፦ ወደ ፋብሪካ ይዞታ መመለስ። ትእዛዙን የሰጠው ሰው ግን በቤቱ ውስጥ አልነበረም።

መሣሪያው የዌስተርን ዲጂታል «ማይ ቡክ ላይቭ» ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ገበያ ላይ የዋለ፣ ቅርጹ ቆሞ የተቀመጠ መጽሐፍ የሚመስል የቤት የኔትወርክ ማከማቻ። በኮምፒውተር ጎን በዩ.ኤስ.ቢ ገመድ ከሚሰካው ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ የሚለየው ራውተሩ ላይ በመሰካቱ ነው፤ የቤቱ ስልክ፣ ላፕቶፕና ቴሌቪዥን ሁሉ አንድ ላይ ይጠቀሙበታል። ይህን ለማድረግ ሣጥኑ ራሱን የቻለ ትንሽ ኮምፒውተር መሆን አለበት። ፕሮሰሰር አለው፣ ሚሞሪ አለው፣ አብዛኛውን ጊዜ በሊኑክስ ላይ የተመሠረተ ኦፐሬቲንግ ሲስተም አለው። ባለቤቱ ዲስክ የገዛ ይመስለዋል፤ ወደ ቤቱ ያስገባው ግን ሌት ተቀን የሚሠራና በየጊዜው ማሻሻያ የሚፈልግ ሰርቨር ነው። ዲስኩ በራሱ ጊዜ ያረጃል፤ ቦርዱና ፓወሩም በራሳቸው ጊዜ፤ ሶፍትዌሩም እንዲሁ። ይጠገን ወይስ ይቀየር የሚለው ጥያቄ መልስ የሚያገኘው ከእነዚህ የትኛው እንዳረጀ ሲታወቅ ነው።

በማይ ቡክ ላይቭ ያረጀው በዓይን የማይታየው ነበር።

ከጥፋቱ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2018፣ ጳውሎስ ይበሎ እና ዳንኤል እሸቱ የተባሉ ሁለት የደኅንነት ተመራማሪዎች የተለያዩ ኩባንያዎችን የቤት ማከማቻዎች ፈትሸው ያገኙትን ዊዝኬዝ በተባለ ድረ ገጽ በኩል ይፋ አደረጉ። በማይ ቡክ ላይቭ ላይ ያገኙት ቀዳዳ በቀላልነቱ ያሳፍራል። መሣሪያው ተጠቃሚው የሚፈልገውን ቋንቋ የሚመርጥበት ቅንብር አለው። የተላከለትን የቋንቋ ስም ሳያጣራ ስለሚቀበል፣ ከስሙ አጠገብ ትእዛዝ የሸጎጠ ሰው ትእዛዙ በሙሉ ሥልጣን ይፈጸምለታል። የይለፍ ቃል የሚጠይቀው የለም። የሣጥኑን የኢንተርኔት አድራሻ ማወቅ ብቻ ይበቃል።

የዌስተርን ዲጂታል ምላሽ አጭር ነበር። ዕቃዎቹ ገበያ ላይ የዋሉት እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2012 ባለው ጊዜ ነው፤ ከ2014 ጀምሮ መመረታቸው ቆሟል፤ የሶፍትዌር ድጋፍ ዘመናቸው አልፏል። መጠቀም የሚፈልግ ሰው ከውጭ የሚመጣ ግንኙነትን በፋየርዎል ይዝጋ። የመጨረሻው ማሻሻያ የተለቀቀው በ2015 ስለነበር አዲስ ማሻሻያ አልወጣም፤ ቀዳዳውም 2018-18472 የሚል መለያ ቁጥር ተሰጥቶት ክፍት ሆኖ ቀረ። ምክሩ በራሱ ትክክል ነበር። ግን ሣጥኑን ከስምንት ዓመት በፊት ገዝቶ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ያስቀመጠ ሰው እንዲህ ያለውን ማስታወቂያ የት ብሎ ያነባል? ዕቃው ይሠራል፤ የሚሠራ ዕቃ ደግሞ ማንም አይጠረጥርም።

ጥቃቱ ከደረሰ በኋላ የተደረገው ምርመራ ሌላም ጉድ አወጣ። ሣጥኖቹን ለማጥፋት ያገለገለው ሁለተኛ ቀዳዳ ነበር። መሣሪያውን ወደ ፋብሪካ ይዞታ የሚመልሰው የፕሮግራሙ ክፍል ውስጥ የይለፍ ቃል የሚጠይቁ መስመሮች ተጽፈዋል፤ ነገር ግን እንዳይሠሩ ተደርገው ወደ ተራ ማስታወሻነት ተለውጠዋል። ኩባንያው እንዳብራራው ይህ የሆነው በኤፕሪል 2011 የማረጋገጫ ሥርዓቱ እንደ አዲስ ሲደራጅ ነው፤ አሮጌው ጥበቃ ሲነሳ አዲሱ በቦታው ሳይተካ ቀረ። ለአሥር ዓመት ማንም አላየውም።

ግራ የሚያጋባው የአጥፊው ዓላማ ነው። ከጠፉት ሣጥኖች አንዳንዶቹ አስቀድሞ በመጀመሪያው ቀዳዳ ተይዘው፣ ለዚያ ሣጥን ፕሮሰሰር ተብሎ የተዘጋጀ ተንኮል አዘል ፕሮግራም ተጭኖባቸው ነበር። በእጁ የገባውን መሣሪያ ማን ያጠፋል? ሴንሲስ የተባለው የደኅንነት ኩባንያ ባለሙያ ሁለት ተፎካካሪ ቡድኖች ተጋጭተው ሊሆን ይችላል የሚል ግምት ሰጥቷል፤ አንዱ የያዘውን ሌላው ሊነጥቅ ወይም ሊያበላሽ ሲል። እውነት ከሆነ፣ የቤተሰቡ ፎቶ የጠፋው በማያውቃቸው ሁለት ሌቦች ጠብ መሐል ገብቶ ነው። ዌስተርን ዲጂታል ከቀጣዩ ወር ጀምሮ ለተጎጂዎች ፋይል የማስመለስ አገልግሎትና አሮጌውን በአዲስ የመለወጥ ዕድል አቀረበ።

ሶፍትዌሩ በዚህ መንገድ ያረጀ ሣጥን አይጠገንም። ማራገቢያው ይዙር፣ ዲስኩ ጤነኛ ይሁን፣ አምራቹ ማሻሻያ መላክ ካቆመ ከኢንተርኔት ጋር ያለው ግንኙነት መቆረጥ አለበት። ብዙ ባለቤቶች የማያውቁት፣ ሣጥኑ ራሱ ዩ.ፒ.ኤን.ፒ በሚባል ዘዴ ራውተሩን ጠይቆ ወደ ውጭ በር ሊያስከፍት መቻሉን ነው። ስለዚህ «እኔ በር አልከፈትኩም» ማለት ዋስትና አይሆንም፤ ራውተሩ ውስጥ ገብቶ ማየትና ያንን ቅንብር መዝጋት ያስፈልጋል።

ሌላው አረጃጀት ግን የካቻቢቴና የቴስተር ጉዳይ ነው፤ ለአዲስ አበባ ነዋሪም የሚቀርበው ይሄኛው ነው። የኮምፒውተር ጥገና ቤት ደጃፍ ላይ ለሚቆም ሰው እንዲህ ያለ ንግግር እንግዳ አይሆንበትም፤ ጠና ያሉ ደንበኛ ዕቃውን በፌስታል ይዘው ገብተዋል።

«ልጄ፣ ይቺ ነገር ትናንት መብራት ሄዶ ሲመጣ አልበራም አለች። ትሠራልኛለህ?»

«ዳታ አላት ጋሼ?»

«አላት እንጂ! የልጆቹ ፎቶ በሙሉ እዚህ ነው ያለው።»

«ሌላ ቦታስ ቅጂ አለዎት?»

«ቅጂው እሱው ነው።»

«እንግዲያው ደግመው እንዳያበሯት። መጀመሪያ ዳታውን እናውጣ፣ ጥገናው ይደርሳል።»

ልጁ የተናገረው ቅደም ተከተል ከሙያው ሁሉ ይበልጣል። ሣጥኑ የሚጠገነው ፋይሉን ለማውጣት ያህል ነው፤ ተመልሶ ይታመን አይታመን በኋላ ይታያል። ደግነቱ «አልበራም» ያለ ሣጥን ብዙ ጊዜ የታመመው ከሰውነቱ ውጭ ነው። የቤት ማከማቻዎች አብዛኞቹ ከግድግዳው 220 ቮልት ተቀብሎ 12 ቮልት በሚያወጣ አዳፕተር ነው የሚሠሩት። መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚከሰተው የቮልቴጅ ዝላይ መጀመሪያ የሚመታው ይህን አዳፕተር ነው።

እዚህ ላይ ጀማሪን የሚያታልል ነገር አለ። ያረጀ አዳፕተር ብቻውን በቴስተር ሲለካ 12 ቮልት ሊያሳይ ይችላል። ሣጥኑ ሲሰካበትና ዲስኮቹ ለመዞር ብዙ ኃይል ሲጠይቁ ቮልቴጁ ይወርዳል፤ ዲስኩ ይነሳል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይነሳል። ባለቤቱ ዲስኩ የሞተ ይመስለዋል። ጥፋተኛው አዳፕተሩ ውስጥ ያለ ደርቆ አቅሙን ያጣ ካፓሲተር ነው። የእነዚህ ካፓሲተሮች ዕድሜ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ወደ ግማሽ እንደሚቀንስ የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያዎች ያሰላሉ፤ ቁምሳጥን ውስጥ ታፍኖ የተቀመጠ ሣጥን ከአየር ጋር ከተቀመጠው ፈጥኖ የሚደክመው ለዚህ ነው። አዳፕተር ሲቀየር ቮልቱ አንድ ዓይነት፣ አምፔሩ ከቀድሞው እኩል ወይም የበለጠ፣ የጫፉ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭም ያልተገለባበጠ መሆን አለበት። ጫፉ ገባ ተብሎ የተሰካ የሌላ ዕቃ አዳፕተር ከመብራቱ የባሰ ጉዳት ያደርሳል።

ስታብላይዘር ብዙ ቤት አለ፤ ቮልቴጅ ከፍ ዝቅ ሲል ይጠቅማል፣ መብራት ሲጠፋ ግን ምንም አያደርግም። ለማከማቻ ሣጥን የሚያስፈልገው ዩ.ፒ.ኤስ የተባለው የባትሪ መጠባበቂያ ነው፤ ያውም በዩ.ኤስ.ቢ ገመድ ከሣጥኑ ጋር ተገናኝቶ «መብራት ሄዷል፣ ባትሪዬም እያለቀ ነው፣ በሥርዓት ተዘጋ» ብሎ የሚነግረው ዓይነት። ፋይል እየጻፈ ሳለ በድንገት የጠፋ ሣጥን ሲበራ የፋይል ሥርዓቱ ተዛብቶ ሊገኝ ይችላል።

የቦርድ ጉዳት ደግሞ ከዚህ ይከብዳል፤ ግን ሁሉም ተስፋ የሚያስቆርጥ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2017 መጀመሪያ ጀምሮ የተሰማው የኢንቴል አቶም ሲ2000 ፕሮሰሰር ታሪክ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። የኔትወርክ መሣሪያ አምራቹ ሲስኮ በፌብሩዋሪ መባቻ ለደንበኞቹ እንደገለጸው፣ በአንዳንድ ምርቶቹ ውስጥ ያለ አንድ አካል ወደ 18 ወር ገደማ ከሠራ በኋላ መበላሸት ሊጀምር ይችላል፤ ከተበላሸ በኋላ ዕቃው አይነሳም። ሲስኮ የአምራቹን ስም አልጠቀሰም። ኢንቴል ግን በራሱ ሰነድ ላይ የሲ2000 ፕሮሰሰሮች የሰዓት ምልክት የሚሰጠው ክፍላቸው ሊደክም እንደሚችል ጽፎ ነበር። ኮምፒውተር ያለ ሰዓት ምልክት የመነሻ ፕሮግራሙን ማንበብ አይችልም።

ያው ፕሮሰሰር ሲኖሎጂ በተባለው አምራች ዲ.ኤስ.415 ፕላስ፣ 1515 ፕላስ እና 1815 ፕላስ የቤትና የትንንሽ ቢሮ ማከማቻዎች ውስጥ ነበር። ሳይጠፋ ወራት ሲሠራ የቆየ ሣጥን ለማሻሻያ ወይም መብራት ሄዶ እንደገና ሲነሳ ሰማያዊ መብራቱ ብልጭ ድርግም እያለ ይቀራል፤ አይነሳም። ሲኖሎጂ የዋስትናውን ጊዜ በአንድ ዓመት አራዘመ። ያ ጊዜ ሲያልፍስ? የኤሌክትሮኒክስ ዕውቀት ያላቸው ባለቤቶች መፍትሔውን ራሳቸው አገኙት፤ በቦርዱ ላይ ባሉ ሁለት ፒኖች መካከል አንድ 100 ኦም ሬዚስተር መበየድ። ሬዚስተሩ የደከመውን ምልክት ያግዘዋል፤ የሞተው ሣጥን ይነሳል። ውድ የሆነ ሣጥን በሳንቲም በሚገዛ ክፍል ሕይወት ሲዘራ ማየት ለማንም ጠጋኝ ደስ ይላል። ሆኖም ፕሮሰሰሩ አልዳነም፤ ድካሙም አልቆመም። እንዲህ የተነሳ ሣጥን ፋይሎቹ እስኪገለበጡ ጊዜ ገዝቷል፣ ከዚያ በላይ ቃል ሊገባለት አይገባም።

ስለ ዲስኩ ሲነሳ አጉል ዕውቀት ይበዛል። ዲስክን ፍሪጅ ውስጥ አስገብቶ ማቀዝቀዝ ከሚሰሙት ምክሮች አንዱ ነው፤ ሲወጣ የሚፈጠረው ጤዛ ሊድን የሚችለውን ዲስክ ይገድለዋል። ክዳኑን ከፍቶ «ማየት»ም እንዲሁ ነው። አንባቢው ጭንቅላት ከሚዞረው ሳህን በላይ በጥቂት ናኖሜትር ርቀት ነው የሚንሳፈፈው፤ በዚያ ክፍተት ውስጥ ተራ የአቧራ ቅንጣት ትልቅ ድንጋይ ነው። ከተመሳሳይ ዲስክ ላይ ቦርድ ነቅሎ መለወጥ በድሮ ዲስኮች ይሠራ ነበር፤ በአሁኖቹ ግን እያንዳንዱ ቦርድ የራሱን ዲስክ የልኬት መረጃ በትንሽ ቺፕ ላይ ስለሚይዝ ቺፑም አብሮ ካልተዛወረ አይጠቅምም።

ዲስክ ከመሞቱ በፊት ይናገራል ወይ? ጉግል እ.ኤ.አ. በ2007 ከ100,000 በላይ ዲስኮችን ተከታትሎ ያወጣው ጥናት ለዚህ የሰጠው መልስ ሁለት ወገን አለው። አንድ ዲስክ የመጀመሪያውን የፍተሻ ስሕተት ካሳየ በኋላ በ60 ቀን ውስጥ የመበላሸት ዕድሉ ስሕተት ካላሳየው 39 እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ሣጥኑ «ይህ ዲስክ አደጋ ላይ ነው» ሲል «እስቲ ትንሽ ልየው» ማለት አያዋጣም። በሌላ በኩል፣ በዚያው ጥናት ከተበላሹት ዲስኮች ከግማሽ በላይ የሆኑት ዋና ዋና የሚባሉትን የማስጠንቀቂያ ምልክቶች አላሳዩም። አረንጓዴ መብራት ጤንነትን አያረጋግጥም።

ሣጥኑ ሞቶ ዲስኩ ከዳነ ሥራው ይቀላል። ብዙዎቹ የቤት ማከማቻዎች የሚጠቀሙት የሊኑክስን የተለመደ የዲስክ አደረጃጀት ስለሆነ ዲስኮቹን አውጥቶ ሊኑክስ ከተጫነበት ኮምፒውተር ጋር በማገናኘት ማንበብ ይቻላል፤ ሲኖሎጂ ራሱ ይህን በኡቡንቱ እንዴት ማድረግ እንደሚቻል መመሪያ አውጥቷል። ዲስኮቹ ከመነቀላቸው በፊት በማርከር ተራ ቁጥር ይጻፍባቸው። ዊንዶውስ ላይ ተሰክተው «ዲስኩ ፎርማት ይደረግ?» የሚል መልእክት ሲመጣ እሺ ማለት ነው ትልቁ አደጋ፤ ዊንዶውስ የሊኑክስን አደረጃጀት ስለማያውቅ ባዶ መስሎት ነው የሚጠይቀው። ሲነበብ የሚንገታገት ዲስክ ከሆነ ደግሞ ፋይል በፋይል መገልበጥ አይመከርም። ዲ.ዲ.ሬስኪዩ የተባለው ነፃ ፕሮግራም መጀመሪያ ደኅና ደኅናውን ክፍል ወደ ሌላ ዲስክ ይገለብጣል፤ የተጎዳውን ቦታ መዝግቦ ይዞ በመጨረሻ ይመለስበታል። ዲስኩ መንገድ ላይ ቢሞት እንኳ አብዛኛው ወጥቷል።

ማይ ቡክ ላይቭ እዚህም የራሱ ጣጣ አለው። ፕሮሰሰሩ ፓወር ፒ.ሲ. ስለሆነ ፋይሎቹን የሚያስቀምጠው በ64 ኪሎባይት ብሎክ ነው፤ የተለመደው የቤት ኮምፒውተር ሊኑክስ ደግሞ የለመደው 4 ኪሎባይት ነው። ዲስኩ ሙሉ ጤነኛ ሆኖ ሳለ በቀጥታ አልከፈትም ይላል። ይህን የማያውቅ ጠጋኝ «ዳታው ጠፍቷል» ብሎ ሊፈርድ ይችላል፤ የሚያውቀው ግን ፉዝ ኤክስት2 በመሰለ ፕሮግራም ከፍቶ ያወጣዋል።

ሁለትና ከዚያ በላይ ዲስክ ያለው ሣጥን ባለቤት ብዙ ጊዜ የሚመካበት ሬይድ የተባለው ዘዴ ነው። ፓተርሰን፣ ጊብሰንና ካትዝ የተባሉ የበርክሌይ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተሙት ጽሑፍ ስሙን የሰጡት ይህ ዘዴ አንድ ዲስክ ሲሞት ሥራው እንዳይቋረጥ ያደርጋል። ሥራን ያስቀጥላል እንጂ ሌላ ቦታ የተቀመጠ ቅጂን አይተካም። የቤት ካርታን ሁለት ቅጂ አድርጎ አንድ መሳቢያ ውስጥ እንደመቆለፍ ነው፤ አንዱ ቢቀደድ ሌላው ያገለግላል፣ ቤቱ ቢቃጠል ግን ሁለቱም ይሄዳሉ። በ2013 ዓ.ም. ሰኔ ባለ ሁለት ዲስኩ ማይ ቡክ ላይቭ ዱኦም የዚያው ጥቃት ሰለባ ነበር፤ የማጥፋት ትእዛዝ ለሣጥኑ እንጂ ለዲስክ አይሰጥምና።

ደግሞም አንድ ዲስክ ተቀይሮ ሬይዱ ራሱን ሲያድስ ያለው ጊዜ ከሁሉ የሚያስፈራው ነው። 8 ቴራባይት ዲስክ በሰከንድ 180 ሜጋባይት ቢጻፍ እንኳ ከ12 ሰዓት በላይ ይወስዳል፤ ሣጥኑ ሥራ ላይ ከሆነ ይህ ይራዘማል። በነዚያ ሰዓታት የቀሩት ዲስኮች፣ ብዙ ጊዜ በአንድ ቀን ተገዝተው እኩል ያረጁት፣ ከዳር እስከ ዳር ይነበባሉ። ስለዚህ አዲሱ ዲስክ ከመግባቱ በፊት ዋና ዋናውን ፋይል ሌላ ቦታ መገልበጥ ይቀድማል።

አዲስ ዲስክ ሲገዛም ስሙን ብቻ አይቶ መውሰድ አያስተማምንም። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2020 ዌስተርን ዲጂታል ለኔትወርክ ማከማቻ ብሎ ከሚሸጣቸው «ሬድ» ዲስኮች ከ2 እስከ 6 ቴራባይት ያሉት አንዳንዶቹ ኤስ.ኤም.አር. በተባለ ዘዴ እንደሚሠሩ ማመኑ የገዢዎችን ቁጣ ቀስቅሷል። በዚህ ዘዴ የመረጃ መስመሮቹ በከፊል ተደራርበው ይጻፋሉ፤ ቦታ ይቆጥባል፣ አንዱን መስመር መለወጥ ግን ጎረቤቶቹን እንደገና መጻፍ ይጠይቃል። እንዲህ ያለ ዲስክ ሬይድ ሲታደስ ያለውን የማያቋርጥ ጽሕፈት አይችልም፤ በጣም ይዘገያል፣ አንዳንዴም ሣጥኑ ዲስኩ የተበላሸ መስሎት ያስወጣዋል። ጉዳዩ አሜሪካ ፍርድ ቤት ደርሶ በካሳ ስምምነት ተዘጋ፤ ኩባንያውም የድሮውን ዘዴ የሚጠቀሙትን «ሬድ ፕላስ» በሚል ስም ለየ። ገዢው በዲስኩ መግለጫ ላይ ሊያየው የሚገባው የዚህን የድሮ ዘዴ መጠሪያ፣ ሲ.ኤም.አር. የሚለውን ነው።

ሳይሞት የሞተ የሚመስል ሣጥንም አለ። እ.ኤ.አ. በ2017 ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ዓለምን ያመሰው ኤስ.ኤም.ቢ. አንድ በተባለው አሮጌ የፋይል መጋሪያ ቋንቋ ቀዳዳ ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ የወጣው የዊንዶውስ 10 ማሻሻያ ይህን ቋንቋ አዲስ በሚጫኑ ኮምፒውተሮች ላይ በነባሪነት አስቀረው። ሌላ ቋንቋ የማያውቁ አሮጌ ሣጥኖች ላፕቶፕ የቀየረ ሰው ቤት ውስጥ በድንገት «አልተገኘም» ሆኑ። የሚፈትነው ነገር ያን አሮጌ ቋንቋ ኮምፒውተሩ ላይ መልሶ መክፈት ነው። ፋይሎቹን ለማውጣት ለጥቂት ሰዓት፣ ኢንተርኔቱ ተነቅሎ፣ ይደረግ ይሆናል፤ እንደተከፈተ መኖር ግን ቫይረሱ የገባበትን በር ለቀጣዩ ማቆየት ነው።

መቀየር ግድ ከሆነ የገንዘብ ነገር ይመጣል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል፤ ከውጭ የሚገባ ዲስክም ዋጋው አብሮ ነው የሄደው። ስለዚህ አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ትሩናስ ወይም ኦፕን ሚዲያ ቮልት የተባሉትን ነፃ ሶፍትዌሮች መጫን ለብዙዎች የሚያዋጣ መንገድ ነው። መብራት ይበላል፣ ይጮኻል፣ ቦታም ይይዛል፤ ግን ፓወሩ፣ ቦርዱና ማራገቢያው የትም የሚገኝ ዕቃ ነው፣ ማሻሻያውም የአንድ አምራች ፈቃድ አይጠብቅም። ባለቤቱ ትንሽ መማር አለበት፤ መማር የማይፈልግ ሰው ግን ዝግጁውን ቢገዛ ይሻለዋል፣ ያልተከታተሉት ትሩናስ ከአሮጌ ሣጥን አይሻልምና።

ዝግጁውን የሚገዛ ሰው የአምራቹን ባሕርይም አብሮ ይገዛል። ሲኖሎጂ እ.ኤ.አ. በ2025 ያወጣቸው የፕላስ ሞዴሎች የራሱን ወይም እሱ ያጸደቃቸውን ዲስኮች ብቻ እንዲቀበሉ አድርጎ ነበር፤ ደንበኞች አጥብቀው ከተቃወሙ በኋላ በዚያው ዓመት ጥቅምት ገደማ በአዲስ የሶፍትዌር እትም ገደቡን አነሳ። አምራቹ ለሞዴሉ እስከ መቼ ማሻሻያ እንደሚሰጥ መጠየቅ የፕሮሰሰሩን ፍጥነት ከመጠየቅ ይቀድማል። በጎ ጎኑ፣ ከዚያው አምራች አሮጌ ሣጥን ወደ አዲሱ ዲስኮቹን ነቅሎ በማስገባት ብቻ መሸጋገር በብዙ ሞዴሎች ይቻላል፤ ቅጂ ሳይያዝ ግን አይሞከርም።

አዲስነት ደግሞ ከጥቃት አያድንም። በጃንዋሪ 2022 ዴድቦልት የተባለ ቡድን ከኢንተርኔት ጋር በቀጥታ የተገናኙ የኪውናፕ ማከማቻዎችን ፋይል ቆልፎ ከእያንዳንዱ ባለቤት 0.03 ቢትኮይን ጠየቀ። ኪውናፕ ማሻሻያውን በግዴታ እስከመጫን ደረሰ። በዚያው ዓመት ጥቅምት የኔዘርላንድስ ፖሊስ ለቡድኑ ክፍያ እየላከ፣ የመክፈቻ ቁልፉ በራሱ ሲመጣለት ክፍያው ከመጽደቁ በፊት እየሰረዘ፣ 155 ቁልፎችን በነፃ ወስዶ ለተጎጂዎች ሰጥቷል። ሌባን እንዲህ ሲያታልሉት ማየት ያስደስታል፤ ቁልፍ ያልደረሳቸው ግን ብዙ ነበሩ።

ፎቶ አንሺው ፒተር ክሮግ ያስተዋወቀው የ3-2-1 ደንብ ከዚህ ሁሉ በኋላም አላረጀም፦ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። ከቤት ውጭ ሲባል ክላውድ የሚታሰበው ሰው ስሌቱን ይሥራ፤ ወደ ላይ 10 ሜጋቢት በሰከንድ በሚልክ መስመር 2 ቴራባይት ለመጫን ሳይቋረጥ 18 ቀን ተኩል ያስፈልጋል። መስመሩ በየመሐሉ ለሚቋረጥበት ቤት በየወሩ የሚታደስ አንድ ኤክስተርናል ዲስክ ዘመድ ቤት ማስቀመጥ ይፈጥናል። ከተማ ወይም አገር ተሻግሮ ወንድም ወይም እህት ጋ ከተቀመጠ ደግሞ ይበልጥ ይጠቅማል፤ በሻንጣ የሚሄድ ዲስክ ግን በይለፍ ቃል መመስጠር አለበት።

የቀረው አሮጌው ሣጥን ነው። ፋይሉ በሁለት ቦታ መገልበጡ ተረጋግጦ፣ ከቅጂዎቹ ጥቂት ፎቶና አንድ ረጅም ቪዲዮ ተከፍተው ከታዩ በኋላ ሊሸጥ ወይም ሊሰጥ ይችላል። ወደ ፋብሪካ ይዞታ መመለስ ብቻውን ግን ፋይሉን ከዲስኩ አይፍቅም፤ ማይ ቡክ ላይቫቸው ከጠፋባቸው ሰዎች አንዳንዶቹ ፎቶሬክ በተባለ ነፃ ፕሮግራም ምስሎቻቸውን መልሰው ያገኙት በዚህ ምክንያት ነው። ለእነሱ የደረሰው መልካም ዕድል አሮጌ ዲስክ ለሚገዛ እንግዳ ሰውም ይሠራል። ስለዚህ ዲስኩ ከዳር እስከ ዳር በዜሮ ይጻፍበት፤ 3 ቴራባይት ከሆነ በሰከንድ 120 ሜጋባይት ሲሰላ ወደ 7 ሰዓት ይፈጃል፤ ማታ ተጀምሮ ሲነጋ ያልቃል። መጻፍ የማይችል የሞተ ዲስክ ከሆነ አይሸጥም፤ ሳህኑ በድሪል ይበሳና ይጣል።